ሞልቶ የማያውቀው ጉድጓድ

ከተማ ሁሉ የሚኮራበት ነገር አያጣም። አንዱ ገበያውን፣ አንዱ ደብሩን፣ አንዱ ያፈራቸውን ሊቃውንት ይጠራል። ብቸና ውስጥ የእኛ ሰፈር ኩራት ግን ከመሬት በታች ነበር። የአቶ ሀብተ ሥላሴን የሽንት ቤት ጉድጓድ ማለቴ ነው። ባለሙያዎች ሴፕቲክ ታንክ የሚሉት ዓይነት፣ ግድግዳው በሲሚንቶ የተለሰነ፣ ባለ ሁለት ክፍል ጉድጓድ ሲሆን ከተሠራ ጀምሮ ሞልቶ አያውቅም። ሞልቶ አለማወቁን የሰፈሩ ሰው በሙሉ ያውቃል፤ ባለቤቱ በየዕድሩ ስብሰባ ይነግሩን ነበርና።

አቶ ሀብተ ሥላሴ ጡረታ የወጡ የትምህርት ሱፐርቫይዘርና የዕድራችን ዳኛ ናቸው። ስብሰባ ሲከፍቱ መጀመሪያ ጸሎት፣ ቀጥሎ ለሞቱት የኅሊና ጸሎት፣ ከዚያ ጉድጓዱ ይከተላል። “ወገኖቼ፣” ይላሉ መነጽራቸውን አውልቀው፣ “የአንድ ቤት ሥርዓት የሚታወቀው ከላይ ሳይሆን ከታች ነው። ጉድጓዱ የሚሞላበት ቤት ለከት የሌለው ቤት ነው። መብላት እንጂ መመጠን አያውቅም።” እኛም አጨብጭበን እንለያያለን። ቤታችን ስንደርስ የየራሳችንን ጉድጓድ በጥርጣሬ እናየዋለን።

ይህ ትምህርት በሰፈሩ ሥር ሰደደ። በአካባቢያችን ጉድጓድ የምትመጥ መኪና አንዲት ብቻ ናት፤ መኖሪያዋም ሞጣ ነው። ስትመጣ ድምጿ ከሩቅ ይሰማል፤ ደጃፍ ላይ ከቆመች ደግሞ የዚያ ቤት ገመና ለአደባባይ በቃ ማለት ነው። ስለዚህ በእኛ ሰፈር መኪናዋን የጠራ ሰው አልነበረም። ሁላችንም ሥርዓት ያለን ሰዎች ነበርን።

ታዲያ ባለፈው ክረምት፣ ነሐሴ ዝናቡን ያለ ስስት ሲያወርደው፣ የአቶ ሀብተ ሥላሴ ሽንት ቤት መናገር ጀመረ። መጀመሪያ እንደ ሽማግሌ ጉሮሮውን ጠረገ። ቀጥሎ አጉረመረመ። ውሎ አድሮ የተሰጠውን ይመልስ ጀመር። የቤተሰቡ አስቸኳይ ስብሰባ ተጠራ።

“ዝናቡ ነው” አሉ አቶ ሀብተ ሥላሴ።

“አባባ፣ ሞልቷል” አለች ልጃቸው ጸደንያ። ጸደንያ ጤና ጣቢያ የምትሠራ ነርስ ናት። አስተዳደጓ መልካም ቢሆንም ነገርን በስሙ የመጥራት መጥፎ አመል አለባት።

“ምኑ?”

“ጉድጓዱ።”

“የማን ጉድጓድ?”

“የእኛ።”

አቶ ሀብተ ሥላሴ ፊደል የሳተ ተማሪ እንደሚያዩ አዩዋት። “የእኛ አይሞላም። ሞልቶ አያውቅም።”

“ተመጦ ስለማያውቅ እኮ ነው የሞላው።”

“ኧረ አንቱ፣” አሉ ባለቤታቸው ወይዘሮ ስርጉት፣ “ልጅቱ እውነቷን ነው። መኪናዋ ትጠራ። ክዳኑም ቢሆን ያለበት ቦታ…”

“ክዳኑ አይነሳ” አሉ አባወራው።

ስለ ክዳኑ ለታሪክ ያህል ጥቂት ልበል። አቶ ሀብተ ሥላሴ ታላላቅ እንግዶች የሚመጡባቸው ሰው ስለሆኑ ሳሎናቸውን ወደ ጓሮ አስፍተውት ነበር። ሳሎኑ ሲሰፋ የጉድጓዱ ክዳን ከውስጥ ቀረ። ግንበኛው “ጌታዬ፣ ይህ ክዳን አንድ ቀን ይፈለጋል” ቢላቸው፣ “የማይሞላ ጉድጓድ ክዳን ምን ያደርግለታል?” ብለው በላዩ ሴራሚክ አስነጠፉበት። በሴራሚኩ ላይ የክብር እንግዳ የሚቀመጥበት ትልቁ ሶፋ ተቀመጠ። የአየር ማስወጫ ቱቦውንም ከመንገድ ይታያል ብለው አስቆርጠውታል። የጉድጓዱ አፍም አፍንጫም እንዲህ በመልካም አስተዳደር ተደፈነ።

ስብሰባው ከሰፊ ውይይት በኋላ ውሳኔ አስተላለፈ። ቤተሰቡ እስከ ተጨማሪ ማስታወቂያ ድረስ ጎረቤት ይጠይቅ ተባለ።

በማግስቱ ማለዳ የአቶ ምንይሉ በር ተንኳኳ። አቶ ምንይሉ የእህል ነጋዴና ግድግዳ ተጋሪ ጎረቤት ናቸው፤ አቶ ሀብተ ሥላሴ ግን ደጃቸውን ከረገጡ ዓመታት አልፎ ነበር። “ከሩቅ ዘመድ የቅርብ ጎረቤት ይሻላል ብለን ነው” አሉ እንግዳው፣ ሚስታቸውንና ልጃቸውን አስከትለው። ስለ ዝናቡ ተወራ፤ ስለ ጤፉ ተወራ። ከዚያ አባወራው “አንዴ እጄን ልታጠብ” ብለው ወደ ጓሮ ዘለቁ። ሲመለሱ ወይዘሮ ስርጉት እጃቸውን ሊታጠቡ ተነሱ። እሳቸው ሲመለሱ ጸደንያ ተነሣች፤ እሷ ግን በሐፍረት ፊቷ ቀልቶ ነው የሄደችው።

አቶ ምንይሉ ደስ አላቸው። ቆሎ ቀረበ፤ ጠላ ተቀዳ። እንግዶቹ ቀትር ላይም መጡ፤ ማታም መጡ። ፍቅራቸው በተለይ ከምግብ በኋላ ይበረታ ነበር። አቶ ምንይሉ ብዙም ሳይቆይ ነገሩ ገብቷቸዋል፤ ግን እንዴት ብለው ይናገሩ? እንግዳን “ሽንት ቤቴን አትጠቀም” ማለት የት አገር ይደረጋል? ዝም ብለው ቆሎ አቀረቡ፤ በመጨረሻ የእሳቸውም ጉድጓድ ጉሮሮውን ጠረገ።

እሳቸውም መኪና የሚያስጠሩ ሰው አይደሉምና ቤተሰባቸውን ይዘው እኔን መጠየቅ ጀመሩ። እኔም ሥርዓት ያለኝ ሰው ነኝ፤ ቆሎ አቀረብኩ። የእኔም ሞላ። ያኔ ሁላችንም ተያይዘን የሰፈሩ ጫፍ ላይ ብቻቸውን የሚኖሩትን ወይዘሮ ይርጋነሽን አስታወስናቸው። ወይዘሮ ይርጋነሽ ሲሚንቶ የላቸውም፤ ሴራሚክ የላቸውም። ያላቸው በባሕር ዛፍ የታጠረ፣ በበር ፋንታ የማዳበሪያ ከረጢት የተንጠለጠለበት፣ አመድ የሚነሰነስበት የአፈር ጉድጓድ ነው። ቀድሞ ስናልፍ ፊታችንን እናዞርበት ነበር። አሁን ማለዳ ማለዳ ጃንጥላ ይዘን ደጃቸው ላይ እንሰለፋለን።

በዕድሩ ስብሰባ ላይ አቶ ሀብተ ሥላሴ ሪፖርት አቀረቡ። “በያዝነው ሩብ ዓመት በሰፈራችን ያለው የእርስ በርስ መጠያየቅ ከታቀደው በላይ ተከናውኗል። አቅመ ደካሞችን በመጎብኘት ረገድ ያሳየነው መነሳሳት ለሌሎች ቀበሌዎች ተሞክሮ የሚሆን ነው።” አጨበጨብን። ወይዘሮ ይርጋነሽም አጨበጨቡ።

መስቀል አልፎ አንድ አርብ ዕለት መኪናዋ መጣች። ማን እንደጠራት እስካሁን በይፋ አልተገለጸም፤ ጸደንያ ግን የባለመኪናውን ስልክ በቃሏ ታውቀው ነበር። ስጦታው የሚባል የሞጣ ልጅ ነው። የጤና ጣቢያውን ጉድጓድ ሊመጥ ሲመጣ ነው የተዋወቁት፤ ከዚያም ወዲህ ሲደዋወሉ ከርመዋል። አባቷ ይህን አያውቁም። የሚያውቁት፣ እሑድ ከሞጣ ሽማግሌዎች ልጃቸውን ሊጠይቁ እንደሚመጡ፣ የሚጠይቁለት ልጅም “የራሱ መኪና ያለው” መሆኑን ብቻ ነው። “አይሱዙ ነው የሚሆን” ብለው በልባቸው ደምድመው ነበር።

ስጦታው ሞተሩን አጥፍቶ ወረደ። “የሞላው የማን ነው?” አለ።

ሁላችንም በየበራችን ቆመናል። ሠርግ ቤት ደጃፍ ላይ “እርስዎ ይቅደሙ”፣ “ኧረ በፍጹም፣ እርስዎ” እየተባባልን እንደምንቆየው ማለት ነው።

“ከአቶ ምንይሉ ይጀመር” አሉ አቶ ሀብተ ሥላሴ።

“ኧረ አይገባም። እርስዎ ዳኛችን አይደሉ?” አሉ አቶ ምንይሉ። “ቅድሚያ ለታላቅ ነው።”

“እኔ እንኳ ለዚህ አልደረስኩም። ከማዶ ያሉት…” ብለው አቶ ሀብተ ሥላሴ ወደ እኔ አዩ።

“እኔ ከእናንተ ፊት?” አልኩ። “ይህን ድፍረት ከየት አምጥቼ?”

ስጦታው ከደጅ ደጅ ሲዟዟር ቆየ። በመጨረሻ አቶ ሀብተ ሥላሴ ጉሮሯቸውን ጠርገው ሰፈሩን ወክለው ተናገሩ። “ወጣት፣ ለትብብርህ እናመሰግናለን። ይሁንና በአሁኑ ሰዓት በሰፈራችን የሞላ ጉድጓድ የለም። መንገድህን ያቅናልህ።” መርቀው ሸኙት። መኪናዋ ባዶዋን ወደ ሞጣ ተመለሰች። ጸደንያ በመስኮት ታይ ነበር፤ አልሳቀችም። የምትወደው ሰው ገና አማች ሳይሆን በገዛ ደጇ ተመርቆ ሲባረር ማየት የሚያስቅ ነገር አይደለም። እሑድ ደግሞ አባቷ የመኪናውን ዓይነት ሲያውቁ ምን እንደሚሉ አስቀድማ ታውቃለች።

እሑድ ሽማግሌዎቹ ደረሱ። በመሪነት የሞጣው የቅኔ መምህር መሪጌታ ኃይለ ጊዮርጊስ አሉ፤ ሁለት ሽማግሌዎች ተከትለዋቸዋል። የመጡበትን መኪና ለጊዜው አላየነውም። የክብሩ ሶፋ ላይ ተቀመጡ። በሳሎኑ ዙሪያ ብዙ ሰንደል ስለተለኮሰ መሪጌታ ደጋግመው ያስነጥሱ ነበር። በሉ፤ ጠጡ፤ ወይዘሮ ስርጉት የማንም ብርጭቆ ጎድሎ እንዲቆይ አልፈቀዱም። አቶ ሀብተ ሥላሴም እንግዶቻቸውን ለማጫወት እኩል ጠጡ።

መሪጌታ ነገሩን ሊጀምሩ ተነሱ፤ ግን አልጀመሩም። “ከሁሉ አስቀድሞ አንዴ ወደ ጓሮ ልውጣ” አሉ።

አቶ ሀብተ ሥላሴ ፊታቸው አመድ መሰለ። “መሪጌታ፣ በእኛ ሰፈር ባህል እንግዳ ሲመጣ መጀመሪያ ጎረቤት ይጠይቃል።”

“መልካም ባህል ነው። ስመለስ እንጠይቃለን።”

“አይ፣ መጀመሪያ ነው የሚጠየቀው።”

“ልጄ፣ ሽንቴ ነው የመጣው።”

“እሱም በጥየቃው ውስጥ ተካቷል” አሉ አቶ ሀብተ ሥላሴ፣ ጃንጥላ እያቀረቡ።

እንዲህ ሆኖ የሞጣ ልዑካን በጭቃው መንገድ ተነዱ። የአቶ ምንይሉ በር ዝግ ነበር፤ እሳቸውም ጥየቃ ወጥተዋል። የእኔም ዝግ ነበር። ወይዘሮ ይርጋነሽ ደጅ ሲደርሱ ሁላችንንም በአንድ ላይ አገኙን፤ በሰልፍ። እንግዳ ነበሩና መሪጌታን በሙሉ ድምፅ አሳለፍናቸው። ሌሎቹ ሁለት ሽማግሌዎችም እንግዳ ናቸው፤ እነሱም አለፉ። አቶ ሀብተ ሥላሴ ከሰልፉ መጨረሻ፣ ከእኔ ኋላ ቆሙ።

መሪጌታ ነፍሳቸው መለስ ብሎ ወጡ። “ይህ ሁሉ ሰው ምን ሆኖ ነው?” ብለው ባለቤቲቱን ጠየቁ።

“ፍቅር ነው፣ አባቴ” አሉ ወይዘሮ ይርጋነሽ። “ከነሐሴ ወዲህ እንዲህ ተወድጄ አላውቅም። ባሌ የሞተ ጊዜ እንኳ ይህን ያህል ሰው ደጄን አልረገጠም።”

“ቤታቸው ሽንት ቤት የላቸውም?”

“አላቸው እንጂ። ሞልቶ አያውቅም።”

መሪጌታ ረዥም ሳቅ ሳቁ። ከዚያ ነጠላቸውን አስተካክለው ወደ ሰልፉ መጨረሻ ዞሩ። “እንግዲህ አቶ ሀብተ ሥላሴ፣ የመጣንበትን እዚሁ እንናገረው። ልጅዎን ጸደንያን ለልጃችን ለስጦታው እንዲሰጡን የእግዚአብሔር እንግዶች ሆነን መጥተናል። የራሱ መኪና አለው።”

“አይሱዙ ነው?” አሉ አቶ ሀብተ ሥላሴ፣ በአንድ እግራቸው እየቆሙ።

“አርብ ዕለት አይተዋታል አሉ። መርቀው መለሷት። እኛንም ጋቢናዋ ውስጥ አጨናንቃ ያመጣችን እሷው ናት፤ ክብርዎን ላለመንካት ከአስፋልቱ ዳር ቆማለች።”

ዝናቡ ጃንጥላዎቹን ሲመታ ይሰማል። አቶ ሀብተ ሥላሴ ወደ አስፋልቱ ዞረው አዩ። “ልጄን… ለዚያ…” አሉ።

“ለየትኛው?”

“ለዚያ… እንትን ለሚያደርግ…”

“ስሙን መጥራት ያቃትዎትን ሥራ እንዴት አድርገው ናቁት?” አሉ መሪጌታ። “ተማሪዎቼን ሁልጊዜ የምላቸው አለ፤ በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም። እርስዎ በሽታውንም ደበቁ፤ መድኃኒቱንም መልሰው ሸኙ።”

ያን ጊዜ ጸደንያ መጣች። እናቷን አስከትላ፣ ነጠላዋ ጭቃ ነክቶት ነበር። “አባባ፣” አለች፣ ሳታቋርጥ፣ “እሱን መጀመሪያ ሳየው እጁን በሳሙና ታጥቦ፣ ደግሞ ታጥቦ፣ ከዚያ ነው ሰላም ያለኝ። የሌላውን ጉድ እያነሳ ይኖራል፤ ስለ ማንም ቤት አውርቶ አያውቅም። እወደዋለሁ። ከእሱ ሌላ አላገባም። የጉድጓዳችን ክዳን ደግሞ ሳሎን ውስጥ ነው፤ እነ መሪጌታ ከተቀመጡበት ሶፋ ሥር።”

ሽማግሌዎቹ ተያዩ። አንደኛው የነጠላቸውን ጫፍ አሸተቱ።

አቶ ሀብተ ሥላሴ ዙሪያውን ቃኙ። ከፊታቸው እኔ አለሁ፤ ከእኔ ፊት አቶ ምንይሉ ከነቤተሰባቸው፤ ከእነሱ ፊት ማንም ሰው ሊያስቸኩለው የማይችል አንድ ሰው ማዳበሪያውን ጋርዶ ገብቷል። ከእንግዶቹ እኩል የጠጡት ጠላ ደግሞ ዳኛም ሱፐርቫይዘርም አያውቅም። ብዙ ሰው ታላላቅ ውሳኔዎች በጥሞና የሚወሰኑ ይመስለዋል። ይህኛው እግር አጣምሮ የተወሰነ ነው።

“ትጠራ” አሉ።

“ማን?” አሉ መሪጌታ፣ ቅኔ እንደሚያስተምሩ ሁሉ መልሱን እየጠበቁ።

“የሽንት ቤት መምጠጫ መኪናዋ!” አሉ አቶ ሀብተ ሥላሴ፣ ሰፈሩ በሙሉ እስኪሰማ። በዕድሜያቸው ለመጀመሪያ ጊዜ ነው።

ሶፋው ወደ ውጭ ወጣ። ሴራሚኩ በዲጂኖ ተፈነከተ። ወይዘሮ ስርጉት ስብርባሪውን ራሳቸው እየጠረጉ “ስንት ዓመት ሙሉ የወለወልኩህ” ይሉት ነበር። የመኪናዋ ቱቦ በሳሎኑ መስኮት ገባ። ስጦታው ክዳኑን ሲያነሳ እኛ ሁላችን ጠቃሚ ነገር እንዳስታወሰ ሰው ወደየቤታችን ሮጥን፤ ሽማግሌዎቹ ግን የጀመሩትን ሳይጨርሱ አይሄዱምና አፍንጫቸውን በነጠላ ይዘው ቆመው ቀሩ። የእሺታው ቃል በሞተሩ ጩኸት መሐል ተሰጠ። ምርቃቱን ማንም አልሰማውም፤ አሜን ግን ከየበራችን አልን።

ነገሩ እዚህ ቢያበቃ ሰፈራችን ብልህ ሆነ ተብሎ ይጻፍ ነበር። በሚቀጥለው የዕድር ስብሰባ ላይ አቶ ሀብተ ሥላሴ ከጸሎቱ በኋላ መነጽራቸውን አወለቁ። “ወገኖቼ፣” አሉ፣ “የሞላ ጉድጓድ የሞላ ቤት ምልክት ነው። እንግዳ የሚበላበት፣ ዘመድ የሚያድርበት ቤት ጉድጓዱ ይሞላል። ጉድጓዱ የማይሞላ ቤት፣ እስቲ ምን ቢበላ ነው?” አጨበጨብን። ቤታችን ስንደርስ ጉድጓዳችንን በአዲስ ሐፍረት አየነው።

ከዚያ ወዲህ መኪናዋ ደጁ ያልቆመችለት ሰው ሰው አልሆነም። አቶ ምንይሉ ከተመጠጠላቸው ብዙም ሳይቆዩ ጉድጓዱን በጄሪካን ውሃ ሞልተው እንደገና አስጠሩ። ተራ የሚያወጡት የመኪናዋ አማች አቶ ሀብተ ሥላሴ ናቸው፤ በማዕረግ ቅደም ተከተል ነው የሚያወጡት። ወይዘሮ ይርጋነሽ ደጃቸው ጭር አለ። ስጦታው ከሞጣ ብቸና፣ ከብቸና ሞጣ ባዶ ጉድጓድ ሲመጥ ሠርጉ ከጥር ተነሥቶ ከፋሲካ በኋላ እንዲሆን ተዛወረ። ከፋሲካ በኋላም የሚሆን ቀን ጠፋ። ጸደንያ አባቷን ለሠርጓ ቀን ጠየቀች፤ አለቀሰችም። “ልጄ፣ የሕዝብ ጥያቄ ይቀድማል” አሏት።

አንድ ቀን ማለዳ እንደማንኛውም የሰፈር ሰው ስልክ አንስታ ደወለች። “በእኛ ቤት ሞልቷልና ቶሎ ና” አለችው። መጣ።

አቶ ሀብተ ሥላሴ የመኪናዋን ድምፅ ሰምተው ጋቢ ደርበው ወጡ። አቶ ምንይሉም ወጥተው ነበር። “አዩ? ዛሬም እኛ ደጅ” አሏቸው አቶ ሀብተ ሥላሴ። ወይዘሮ ስርጉት ሻንጣ ይዘው ከግቢው ወጡ፤ ልጃቸውን ስመው፣ መርቀው ጋቢና አስገቧት። መሪጌታ ሞጣ ላይ ቤተ ክርስቲያን ደጅ ይጠብቋቸዋል። ስጦታው ለአማቱ ዝቅ ብሎ እጅ ነሳና ሞተሩን አስነሳ።

“ኧረ ልጅዎ ሄደች” አሉ አቶ ምንይሉ።

አቶ ሀብተ ሥላሴ መኪናዋ እስክትታጠፍ በዓይናቸው ተከተሏት። ፊታቸው ተለዋወጠ። “ምንም ሳትመጥ?” አሉ። “ሰው ምን ይለናል?”